ሦስተኛው ነጥብ

ላጲስ ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል። ሌላውን ሰው ልጅነቱን ያስታውሰዋል ይባላል፤ እኔን ያሳፍረኛል። ባለፈው ሰኔ አባቴን ጉልበቱን አሞት ልጠይቀው ስመጣ፣ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በር ላይ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር። ባለሱቋ አንድ ካርቶን ላጲስ ቀደደች። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ያው የድሮው። ሽታው ሲመጣ መጠለያዬን ትቼ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ። ባጃጅ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ በስብሰሽ?» አሉኝ። «ትዝ ያለኝ ነገር ነበር» አልኳቸው። ለሳቸው ያልነገርኳቸውን ነው አሁን የማወራው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ከፍ ብሎ ነው። እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ አያ ፈረደ፣ ግን ሁለቱንም ይናገሩ ነበር። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከባዝራ ፈረሳቸው ጋር በአገውኛ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ያቺ ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ሲያጥቧት፣ ጋማዋን ሲያበጥሩላት፣ ከሰው ጋር እንደሚጫወት ሰው ያወሩላታል። አጥር ሠሪም ነበሩ። የአገሩ ሰው የቀርከሃ አጥር ሲያሳጥር፣ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ሊተክልም መስመር ሲፈልግ የሚጠራው እሳቸውን ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሦስት የቀርከሃ ችካል ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱን ይተክሉና ከመጀመሪያው ኋላ አጎንብሰው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሦስተኛውን ይዤ ወዲያ ማዶ የምቆመው እኔ ነኝ፤ የቅዳሜ ሥራዬ ነበር። «ወደ ግራ። አልፈሽ ሄድሽ፣ ተመለሽ። ትንሽ። ቁሚ!» ይሉኛል። ሁለቱ ችካሎች ከፊተኛው ጀርባ ሲሰወሩላቸው ቀና ብለው «ሦስቱ አንድ ሆኑ፤ ምቺው» ይላሉ። እኔም በድንጋይ እመታዋለሁ። ስለ ቀጥታ መስመር ከማንም በፊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከገና በኋላ የሒሳብ መምህራችን ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ይዞ መጣ። ሰሌዳው ላይ አንዱን መስመር ወደ ጎን፣ ሌላውን ወደ ላይ ሳበና የተገናኙበትን «ዜሮ፣ ዜሮ» አለው። «ከዚህ ተነሥታችሁ መጀመሪያ ወደ ጎን ስንት እንደሄዳችሁ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ስንት እንደወጣችሁ ንገሩኝ፤ የትም ብትሆኑ አገኛችኋለሁ» አለን። እኔ ነገሩን እንዳለ ነው የወሰድኩት። ኤክስና ዋይ የሚባሉት መስመሮች እውነት መሬት ውስጥ የተቀበሩ፣ መንግሥት የሚያውቃቸው ነገሮች መሰሉኝ። ሽንት ቤታችን ከቤቱ በስተኋላ ስለሆነ «ነጌቲቭ ውስጥ ነው ያለው» ብዬ እናቴን በሳቅ ገደልኳት።

በሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ለቀጥታ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃል። ሦስተኛውን የምታወጡት ለማረጋገጫ ነው። መስመሩ ላይ ካላረፈ ስሕተት ሠርታችኋል፤ አጥፉና እንደገና ሥሩ።»

ከዚያ በኋላ የማልቻል ሆንኩ። ከጥርባ የሚመጣውን መንገድ ጠማማ ነው አልኩ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጠማማ ነው አልኩ፣ የእናቴን የጎመን መደብ ጠማማ ነው አልኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ነገ ሽሮዬ ላይም መስመር ካላሰመርኩ ትላለች» እያለች ለጎረቤት ታወራኝ ነበር። ስድብ አልመሰለኝም፤ ይበልጥ ደረቴን ነፋሁ።

መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠን። ከቤታችን መሬት አንዱን ወሰን ለክተን፣ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያለው መስመር ግራፍ ላይ እንድንሠራ። በጣም የጸዳው ሥራ የመምህራን ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ግድግዳ ላይ የሴት ልጅ ሥራ ተለጥፎ አያውቅም ነበር። እኔ እንደማስለጥፍ ያን ዕለቱን ወሰንኩ።

የመረጥኩት ከአያ ፈረደ ጋር የምንዋሰንበትን ነው። ሲረዱኝ ደስ እያላቸው ነበር።

«ይኼ ዜሮ ዜሮ የምትዪው የት ይሁን?» አሉኝ።

«እርስዎ ይምረጡልኝ።»

«እንግዲያ ከታችኛው ድንጋይ እንነሣ። የእኛና የእናንተ ወሰን የሚጀምረው ከዚያ ነው።» ድንጋዩ ከአጥራችን ጥግ ነበር። በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ከዚህ ወደ ኮሶው ዛፍ ይሄዳል። ኮሶው ጋ ይታጠፍና ወደ ላይኛው ድንጋይ ይወጣል። የአባትሽ አባትና የእኔ አባት ተስማምተው ነው ያጠፉት፣ ምንጩ ለእኛ ከብት እንዲቀር። በምትኩ በሌላ በኩል የእናንተ መሬት ሰፋ። ያኔ የነበሩት ሁሉ አልቀዋል፤ አንቺ እንኳ እወቂው።»

አሥር እርምጃ አንድ ካሬ ነው ተባባልን። አካሄዴ እንዳይዛነፍ በችካሎቻቸው እያነጣጠሩ ወደ ፀሐይ መውጫ መሩኝ። እሳቸው በአገውኛ ይቆጥራሉ፣ እኔ በአማርኛ። ስድሳ ላይ እኩል ደረስን። ከዚያ ወደ ላይ አሥር፤ ኮሶው ሥር ቆምን። ምንጩ ከሥሩ ይወጣል። በእጃችን ጠጣን፣ ባዝራዋም ዝቅ ብላ ጠጣች፣ እሳቸው አንገቷን መታ መታ አደረጉላት። የላይኛው ድንጋይ ደግሞ መቶ ወደ ጎን፣ ሃምሳ ወደ ላይ ሆነ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ነጥቦቹን በእስክርቢቶ አወጣሁ። ዜሮ፣ ዜሮ። ስድስት፣ አንድ። አሥር፣ አምስት። ማስመሪያዬን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ሳስቀምጥ መሃለኛው ሁለት ካሬ ዝቅ ብሎ ቀረ። መስመሩ የሚፈልገው ስድስት፣ ሦስትን ነው። ደነገጥኩ። ወሰኑ እንደሚታጠፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መምህሩ ደግሞ ያላረፈ ነጥብ ስሕተት ነው ብሏል። ሮጬ ሄጄ ለብቻዬ እንደገና ቆጠርኩ። ስድሳ፣ አሥር። ስለዚህ አልተሳሳትኩም። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ልጅ ስለሆንኩ አላወቅሁም እንዳትሉኝ። የታጠፈ መስመር ግድግዳ ላይ አይወጣም ብዬ ፈራሁ እንጂ እውነቱን አውቀው ነበር።

በላጲሱ በሰማያዊ በኩል ነጥቡን ፈተግሁት። ሰማያዊው እስክርቢቶ ያጠፋል ይባላል እንጂ የሚያደርገው ወረቀት መላጥ ነው። ኮሶው የነበረበት ቦታ ተቀደደ። ከኋላ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። አዲሱን ነጥብ ስድስት፣ ሦስት ላይ አደረግሁና መስመሩን ሳብኩት። ሲያዩት ያምራል።

መምህሩ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየው። «እዩ፣ ሦስቱም መስመሩ ላይ!» አለ። አሥር ከአሥር ሰጠኝና አስጨበጨበልኝ። ግድግዳው ላይም ወጣ።

ሰኔ ላይ አባቴ የወላጆች ስብሰባ ሄዶ ወረቀቱን አየው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። «ይኼ የእኛ ወሰን ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። መምህሩን ለምኖ ወረቀቱን ወሰደው፤ ፌስታል ውስጥ አድርጎ ብብቱ ሥር ይዞት ሲሄድ ኮርቼ ከኋላው ተከተልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ክረምት አገሩ በሙሉ እርሻውን ለዲከረንስ እየሰጠ ነበር፤ አባቴም ችግኝ አዘጋጅቷል። እስከዚያ ወሰናችን ሣር ስለነበር ማንም አልተጨቃጨቀበትም። የመሬት ደብተራችን ላይ በዚያ በኩል የሚያዋስነን «ፈረደ» መሆኑ ብቻ ተጽፏል፤ የት እንደሚታጠፍ አይናገርም። አባቴ ወሰኑ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ቀጥ ያለ ነው አለ። አያ ፈረደ ኮሶው ጋ ይታጠፋል አሉ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ ተቋረጠ። በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከሌላ ጎጥ ተጠሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወሰኑ ላይ ተቀመጡ። ሣሩ እርጥብ ስለነበር ከረጢት ተነጥፎላቸዋል። መምህራችንም ስለ ወረቀቱ እንዲያስረዳ ተጠርቶ ቆሟል። አባቴ ወረቀቱን ዘረጋ። «የተማረ ነው የሠራው» አለ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ አያ ፈረደ ዞሩና «እርስዎስ፣ ምስክር አለዎት?» አሏቸው።

«አለኝ» አሉ አያ ፈረደ። «ምስክሬ ይቺ ልጅ ናት።»

ሰዉ ተንጫጫ። የባላጋራን ልጅ ምስክር የሚጠራ ታይቶ አይታወቅም። አባቴ አንገቱን ሰብሮ መሬት መሬት አየ። «ከእኔ ጋር ቆጥራለች» አሉ አያ ፈረደ፤ «እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።»

ሰብሳቢው ጠሩኝ። መሃለኛዋ ነጥብ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። መምህሬን አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ያበረታታኛል። አጨብጭበውልኝ የነበሩት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። «ማረጋገጫ ናት» አልኩ።

አያ ፈረደ ጎንበስ አሉልኝ። «ልጄ፣ ኮሶው ሥር አልቆምንም?»

«ቆመናል።»

«ታዲያ ለምን ነበር የቆምነው?»

ያቺ መልስ አሁን ድረስ አፌ ላይ አለች። «ውሃ ልንጠጣ ነው» አልኩ።

እውነትም ጠጥተን ነበር። ክፋቱ ይኼ ነው፤ ከእውነት ቆርሼ ነው የዋሸሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ የእኔ ግን ወለምታም አይደለም፤ አስቤ ነው ያልኩት። አያ ፈረደ ዓይኔን አላዩትም። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ወደ ሰማይ አዩና «እሷ ካለች ይሁን» አሉ።

ገመድ ተወጠረ። ረዥም ስለሆነ መሃሉ እየረገበ፣ ነፋስ እየወሰደው አስቸገረ። አባቴ ከዚህ ይጎትታል፣ ሰዎቹ ከዚያ ይጎትታሉ፤ መስመሩ እንደ እባብ ይሄዳል። አያ ፈረደ ጥቂት ታገሡ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ሦስቱን ችካል ይዘው ወጡ። ከታችኛው ድንጋይ ኋላ አጎነበሱ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛውን ችካል ይዤ መሃል ላይ፣ ኮሶው አጠገብ የቆምኩት፣ እንደ ቅዳሜው ሁሉ፣ እኔ ነበርኩ።

«ወደ ግራ» አሉኝ። ወደ ግራ ማለት ወደ እሳቸው መሬት ነው። «ገና ነው። ገና። ቁሚ። ሦስቱ አንድ ሆኑ፤ ምቺው።»

መታሁት። ኮሶውና ምንጩ ወደ እኛ ቀሩ።

ችግኙ በሳምንቱ ተተከለ፤ ዳሩ በእሾህ ታጠረ። አያ ፈረደ ባዝራዋን ወንዝ ድረስ ይዘው መውረድ ጀመሩ፤ መንገዱ በትምህርት ቤታችን በር ያልፋል። ክረምቱ አልቆ ትምህርት ሲከፈት በየጠዋቱ አገኛቸው ነበር። ባዝራዋ በእኛ አጥር በኩል ስታልፍ ወደ ምንጩ አንገቷን እየጠመዘዘች ታስቸግራቸዋለች። እሳቸው በአገውኛ ያባብሏታል። ምን እንደሚሏት አላውቅም፤ ስለ እኔ የሚነግሯት ይመስለኝ ነበር። ሳያቸው ጫማዬን ለማሰር አጎነብሳለሁ። ያን መስከረም ጫማዬን ስንት ጊዜ እንዳሰርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ወሰን መግፋት እርግማን እንደሆነ ስሰማ ነው ያደግሁት። እናቴ ታማ ስትተኛ በእኔ ምክንያት መሰለኝ። ጭንቀቱ ሲብስብኝ፣ ለመስቀል ሰሞን፣ ወደ አያ ፈረደ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ።

«አያ፣ ያን ዕለት እኔ...» አልኩ።

«ተይው» አሉኝ።

«ኮሶው ጋ...»

«ተይው አልኩሽ ልጄ። ያን ዕለት ዋሽታለች ብል ምን ይሉሽ ነበር? በሽማግሌ ፊት ውሸታም የተባለች ልጅ ስሟ ይዟት ይኖራል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅን በአባቷ ላይ ማቆም አልነበረብኝም።» ከዚያ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ጫፍ አቀበሉኝ። «ያዢልኝ፣ እንዳይንሸራተት።»

ያዝኩላቸው። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ከመናገር ስላስቆሙኝ ደስ አለኝ። ቤት ስመለስ እየዘለልኩ ነበር፣ ሸክም እንዳራገፈ ሰው። ከውሸቱ ይልቅ የምታሳፍረኝ ያቺ ዝላይ ናት።

አያ ፈረደ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘችው የእህታቸው ልጅ ብርቱካን ናት። መሬት ለኪዎቹም በኋላ ሲመጡ የዲከረንሱን ረድፍ ይዘው ለኩ።

ባለፈው ሰኔ እንግዲህ በስብሼ ቤት ስደርስ ጓሮው ተገለጠብኝ። ዲከረንሱ በሽታ ገብቶበት ደርቆ ተነቅሏል። ሜዳው ባዶ ነው፤ መሃሉ ላይ የኮሶው ጉቶ ቆሟል። አባቴ ድንች ሊያስዘራበት አስቧል። ከዘራውን ይዞ ደጅ ተቀምጧል።

«አባዬ» አልኩት፣ «ወሰኑ ኮሶው ጋ ይታጠፍ ነበር። ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ አልደነገጠም። «ምሳዬን ኮሶው ሥር እየበላሁ ያደግሁ ሰው እንዴት ይጠፋኛል?» አለ። «አባቴ ነግሮኛል እኮ።»

ያን ሁሉ ዓመት እሱን ያሳሳትኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። «ታዲያ ወረቀቱ ምን አደረገልህ?»

«ለሽማግሌዎቹ ነዋ። እኔን ማን ያምነኛል፤ አንቺን ግን ያምኑሻል።»

ይኼን ሲል አላየኝም። እኔም ላየው አልቻልኩም። ሁለታችንም ጉቶውን እናያለን።

«ሽማግሌ ይጠራ» አልኩት። «ምስክር እሆናለሁ።»

«በእኔ ላይ?»

«በእኔም ላይ።»

ጭቃውን በከዘራው ወጋ ወጋ አደረገ። ተቆጥቶ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ «የታችኛውን ድንጋይ ሣር ውጦታል» አለኝ፤ «አጥሩ ጥግ ላይ ፈልጊው።»

ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ከተጠሩ በኋላ፣ ብርቱካን አጥር ሥር ቆሜ ሦስት ቀርከሃ ለመንኳት። አቀበለችኝና ክንዷን አጣምራ የማደርገውን ታይ ጀመር።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ወሰኑን ልመልስ። እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

ወደ ጉቶው አየች። «ምንጩ እኮ ደርቋል» አለችኝ። «ዲከረንሱ ጠጥቶት ነው የጨረሰው። ባዝራዋም የለችም።»

«አውቃለሁ» አልኩ። እሷም ከዚያ አልሄደችም።

አንዱን ችካል ታችኛው ድንጋይ ጋ፣ አንዱን ላይኛው ድንጋይ ጋ ተከልኩ። ሦስተኛውን ይዤ ጉቶው ጋ ድሮ ከቆጠርኩት ባነሰ እርምጃ ደረስኩ፤ እርምጃዬ ረዝሟል። ችካሉን ጉቶው ጎን አቆምኩና ወደ ታች ተመልሼ፣ እሳቸው ያጎነበሱበት ቦታ አጎንብሼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። መሃለኛው ከመስመሩ ወጥቶ ለብቻው ይታያል። ሦስቱ አንድ አልሆኑም።

ሄጄ መታሁት።